ወንዝ የሚጠበቀው ከላይ ነው

ጨሞጋና ጀደብ ከጮቄ ተራራ ተነሥተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። በክረምት ውኃቸው ይደፈርሳል። ያ ድፍርስ ምንድን ነው? አፈር ነው። የማን አፈር? የእርሻችን አፈር ነዋ!

ዝናብ በተራቆተ ተዳፋት ላይ ሲወርድ ወደ መሬት አይሰርግም። ላይ ላዩን ይሮጣል፤ አፈሩንም ጠርጎ ይሄዳል። መሬቱ ውኃ ስላልጠጣ ምንጩ በበጋ ይደርቃል። ስለዚህ ጎርፍና ድርቀት የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ከአማኑኤል በባሕር ዳር መንገድ ሲሄዱ ደምበጫ ይገኛል። እዚያ አቅራቢያ አንጀኒ በሚባል ቦታ በ1978 ዓ.ም. ፋንያ ጁ የሚባል እርከን ተሠራ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ቦይ ይቆፈርና አፈሩ ወደ ላይ ይጣላል። ጎርፍ ያመጣው አፈር እዚያ ይቆማል። ዓመት በዓመት ሲከማች ተዳፋቱ እንደ ደረጃ ይስተካከላል። ዝናብ በሚበዛበት አገር ቦዩ ትንሽ ያዘነብላል። የተረፈው ውኃ በጎን በኩል ወደ ማፋሰሻው ይወጣል።

ማፋሰሻው በማን ማሳ ይለፍ? ጠብ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። የላይኛው ሰው ውኃውን ዝም ብሎ ቢለቀው የታችኛው ሰው ጤፍ ይጠረጋል። ስለዚህ ሳይቆፈር በፊት ሁሉም ተቀምጦ ይስማማ።

ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የአማራ ክልል ገበሬ በበጋ በዘመቻ እየወጣ፣ ያለ ክፍያ ብዙ እርከን ሠርቷል። ነገር ግን ከብት የረገጠው እርከን ይፈርሳል። እርከን ሠርቶ ከብት መልቀቅ በቀዳዳ ጎተራ እህል ማኖር ነው።

ጥያቄ፦
1. ምንጭ በበጋ ለምን ይደርቃል?
2. በመንደራችሁ ማፋሰሻው በየት ቢያልፍ ይሻላል? ተወያዩ።