ሊንክ ቁልፍ ነው፣ ቁልፍም አማና ነው



ባለፈው ረመዳን የኢፍጣር ድጋፍ የሚያስፈልጋቸውን ተማሪዎች መዝግበን ነበር። ስም፣ ስልክና የዶርም ቁጥር የያዘውን ዝርዝር ጎግል ድራይቭ ላይ አስቀመጥን። የኮሚቴው አባላት በቀላሉ እንዲከፍቱት ብለን «ሊንኩ ያለው ማንኛውም ሰው» የሚለውን መረጥንና ሊንኩን በኮሚቴው የቴሌግራም ግሩፕ ላክነው። አንዱ ለጓደኛው አስተላለፈ፣ ጓደኛውም ወደ ባቻቸው ግሩፕ። ከሦስት ቀን በኋላ አንድ ወንድማችን መጥቶ «ስሜን ሰርዙልኝ» አለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማፍጠሪያው ላይ አላየነውም።

ማንም ሰብሮ አልገባም። በሩን የከፈትነው እኛው ነን። ሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 271 ለድሆች በድብቅ መስጠት የተሻለ መሆኑን ያስተምረናል። እኛ ደግሞ የተቀባዮቹን ስም አደባባይ አወጣን።

ድራይቭ ላይ የምናስቀምጠው ፋይል ሲጀመር ዝግ ነው፤ የሚያየው ባለቤቱና እሱ በኢሜይል የጋበዘው ሰው ብቻ ነው። «ሊንኩ ያለው ማንኛውም ሰው» ስንል ግን ድራይቭ «አንተ ማነህ?» ብሎ መጠየቁን ያቆማል። ሊንኩ ራሱ ቁልፍ ይሆናል፣ ቁልፉም በአንድ ፎርዋርድ ይባዛል። በኋላ ብንዘጋው እንኳ ቀድሞ ዳውንሎድ የተደረገውንና ስክሪንሾት የተነሳውን አይመልስም።

ስለዚህ እነዚህን እንልመድ፦

1. የሰው መረጃ ያለበትን ፋይል በሊንክ አንበትን፣ ለሚመለከታቸው ብቻ በኢሜይላቸው እንጋብዝ። ማንበብ ለሚበቃው ሰው የማስተካከል ፈቃድ አንስጥ። ሥራው ሲያልቅ ፋይሉን እናጥፋው፤ ቅርጫቱ ውስጥ 30 ቀን ስለሚቆይ ከዚያም እናስወግደው።

2. ከኮምፒውተር ላብ ሳይን አውት ሳናደርግ አንውጣ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ እናብራ፤ ስልካችን ቢጠፋ የሚያስገቡንን መጠባበቂያ ኮዶችም ወረቀት ላይ ጽፈን እናስቀምጥ።

3. የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን ድራይቭ ላይ ብቻ አንተወው። ከላፕቶፓችን ጋር ሲንክ የሚያደርግ ፎልደር ከሆነ አንዱ ጋ ያጠፋነው ሌላውም ጋ ይጠፋል። አንድ ቅጂ በፍላሽ ይኑረን።

4. ነጻው 15 ጊጋባይት ለድራይቭ፣ ለጂሜይልና ለፎቶ የጋራ ነው። ሲሞላ ኢሜይል መቀበልም ያቆማልና ቀድመን እናጽዳው።

ያን ወንድማችንን አፉ እንዲለን ጠየቅነው፣ እሱም አፉ ብሎናል፤ አልሐምዱሊላህ። ዝርዝሩን ግን ከየሰው ስልክ መሰብሰብ አልቻልንም።

ሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 58 አማናን ለባለቤቱ እንድናደርስ ያዘናል። በእጃችን ያለ የሰው ስም አማና ነው። ዛሬ ከዒሻ በኋላ አምስት ደቂቃ ወስደን ለሌሎች ያጋራናቸውን ፋይሎች አንድ በአንድ እንያቸው፤ ክፍት የተውነው ካለ ሳናድር እንዝጋው።