በፍየል እከክ ላይ የሚረጩ መድኃኒቶችን ፈዋሽነት ስለ መፈተሽ

በመርሳ ዙሪያና በሀብሩ ቆላማ ቀበሌዎች ፍየል የአርሶ አደሩ የክፉ ቀን ጥሪት ናት፤ እከክ ቆዳዋን ሲያበላሽ ዋጋዋ ይወድቃል። ከበሽታው መንስኤዎች አንዱ የሆነው ሳርኮፕተስ ስካቢያይ የላይኛውን የቆዳ ንጣፍ ቦርቡሮ ዕንቁላሉን በዚያው ይጥላል። የደረቀው ቅርፊት እንደ ዲያዚኖን ያለውን የሚረጭ መድኃኒት ሊያግድ ይችላል፤ ዕንቁላሎቹም ከርጭት ተርፈው በ3–5 ቀናት ይፈለፈላሉ። ስለዚህ ከአንድ ርጭት በኋላ የሚታይ መሻሻል የመዳን ማስረጃ አይሆንም። ሙከራው ቅርፊቱን በሳሙና ውኃ አለስልሶ ማንሳትን፣ ርጭቱን በ10–14 ቀናት ውስጥ መድገምንና ከቁስሉ ጠርዝ በተደጋጋሚ ከሚፋቅ ናሙና ሕያዋን ተባዮችን መቁጠርን ይጠይቃል። ማነጻጸሪያዎቹ ፍየሎችም የአርሶ አደሩ ሀብት ናቸውና ያለ ሕክምና ከሚተዉ ይልቅ ከቆዳ ሥር በሚወጋ አይቨርሜክቲን መታከም ይገባቸዋል።