ከ«ሪ» ወደ «ረ»

«ሪስፔክት» («ክብር») የተሰኘውን ዘፈን የጻፈችው ዘፋኟ አሬታ ፍራንክሊን አይደለችም። ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1965 ያስቀረጸው ኦቲስ ሬዲንግ ነው። በእሱ አንደበት፣ ለፍቶ ገንዘብ ይዞ የሚገባ አባወራ ሚስቱን ክብር ይጠይቃታል። በ1967 ግን የ24 ዓመቷ አሬታ ኒውዮርክ ስቱዲዮ ገባች፣ ፒያኖው ፊት ተቀመጠች፣ ዘፈኑንም ለሴቲቱ ሰጠቻት።

እስቲ በአማርኛ አስቢው፣ እህቴ። ኦቲስ «አክብሪኝ» ይላል፤ አሬታ «አክብረኝ» ትላለች። «ሪ» ወጥታ «ረ» ገባች፤ በቃ! ግን በዚያች አንዲት ፊደል ቤቱ ተገለበጠ። ትናንት የምትታዘዘው ዛሬ ጠያቂ ናት፤ ገንዘቡም የእሷ ነው። «ብታከብረኝ ደስ ይለኝ ነበር» ብላም አታለሳልሰውም።

ይህም አልበቃትም። በኦቲስ ዘፈን ውስጥ ያልነበረ ነገር ጨመረች፦ እህቶቿ ኧርማና ካሮሊን እያጀቧት ቃሉን ፊደል በፊደል ቆጠረችው። ልጅ ፊደል የምታስቆጥር መምህርት ነው የምትመስለው። ሰምቶ እንዳልሰማ ለሚሆን ሰው እንዲህ ነው የሚነገረው! ዘፈኑ በዚያው ዓመት በቢልቦርድ የዘፈኖች ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ።

ዘፋኟን ግሎሪያ ጌይነርን ደግሞ ተመልከቻት። መድረክ ላይ ወድቃ፣ ጀርባዋን በቀዶ ሕክምና ታክማ፣ ወገቧ በድጋፍ ታስሮ ሳለ ነው በ1978 «አይ ዊል ሰርቫይቭ»ን («እተርፋለሁ») ያስቀረጸችው። ርዕሱ ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ባለቤቱ «እኔ»፣ ግሡ የወደፊት ጊዜ! በሸክላው ጀርባ ነበር የወጣው፤ የዳንስ ቤት ዲጄዎች ገልብጠው አጫወቱት።

አሁን ተራው የአንቺ ነው፤ ያንን የደሞዝ ጭማሪ ማመልከቻሽን አውጪው። «ይታሰብልኝ ዘንድ በትሕትና አመለክታለሁ» ይላል። ትሕትናው ደግ ነው፣ ይቆይ። እኔን የሚያሳዝነኝ መካከሉ ነው፦ «ሪፖርቱ ተዘጋጅቷል፣ አዳዲስ ሠራተኞች ሠልጥነዋል፣ ሒሳቡ ተዘግቷል»። ማን አዘጋጀው? ማን አሠለጠናቸው? ያመሸሽባቸው ቀናት የት ገቡ?

እስክሪብቶ አንሺ። «አዘጋጀሁ፣ አሠለጠንኩ፣ ዘጋሁ» ብለሽ አርሚው። የምትፈልጊውን ብር በቁጥር ጻፊ። ከዚያ በርሽን ዝጊና ጮክ ብለሽ አንብቢው። ድምፅሽ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ድገሚው። አንደበትሽ ሲለምደው፣ ከሥሩ ስምሽን አስፍረሽ ፈርሚበት።