የእንጨት ቤት በእግሩ ያረጃል

ከመርካቶ ወደ ፒያሳ ስንሄድ የምንሻገረው ድልድይ የጦር ሚኒስትር በነበሩትና በ1919 ዓ.ም. ባረፉት በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ስም ይጠራል። በአካባቢው ከቀሩት አሮጌ የጭቃ ቤቶች አንዱን ቆም ብለን ብንመለከት፣ የግድግዳው የላይኛው ክፍል ደኅና ሆኖ ሳለ ቤቱ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ እናገኘዋለን። ለምን? ምክንያቱን የምናገኘው ቋሚው መሬት በሚነካባት አንዲት ስንዝር ላይ ነው።

የጭቃ ቤት ሲሠራ ቋሚው ጉድጓድ ውስጥ ይተከላል፤ ማገር ይማገርበታል፤ ከጭድ ጋር የቦካ ጭቃ ይመረግበታል። ጭቃ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲስቡት ግን ይሰነጠቃል፤ ጭዱና ማገሩ ይህን ድክመቱን ይሸፍኑለታል። ብረት በሲሚንቶ ውስጥ የሚሠራው ሥራም ይኸው በመሆኑ አባቶቻችን የሠሩትን ግድግዳ እንዲሁ በቀላሉ ልናየው አይገባም።

አፈርና እንጨት ግን በዓይን የማይታዩ ቀጫጭን ቱቦዎች የሞሉባቸው ናቸው። ውሃ በገጽታ ውጥረት ምክንያት በእነዚህ ቱቦዎች ወደ ላይ ይሳባል፤ ቱቦው በቀጠነ መጠንም ከፍታው ይጨምራል። ሬዲየሱ 0.01 ሚሊ ሜትር በሆነ ቱቦ ውስጥ ውሃ በስሌት እስከ 1.5 ሜትር ገደማ ሊወጣ ይችላል። አንባቢ የገጽታ ውጥረቱን በ2 አባዝቶ፣ ለውሃው እፍግታ፣ ለመሬት ስበት ፍጥንጥነትና ለሬዲየሱ ብዜት በማካፈል ሊያረጋግጠው ይችላል። እንጨት የሚያበሰብሱ ፈንገሶች እርጥበትም አየርም ይሻሉ። ከመሬት በታች ጠልቆ አየር ያንሳል፣ ከፍ ብሎ ደግሞ እንጨቱ ደረቅ ነው፤ ሁለቱም የሚሟሉት በመሬቱ ወለል አጠገብ ነው። ምስጥም የሚገባው በዚያው በኩል ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አልነበረም። የጥንት ጃፓኖችም ቋሚዎቻቸውን መሬት ውስጥ ይቀብሩ ነበር። የኢሴ መቅደስ እስከ ዛሬ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ሲሆን፣ ከ690 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በጦርነት ዘመን ለረጅም ጊዜ ቢቋረጥም፣ በየ20 ዓመቱ ገደማ እንደ አዲስ ሲታነጽ ኖሯል፤ የመጨረሻው በ2013 እ.ኤ.አ. ነበር። ሥርዓቱ ሃይማኖታዊ ነው፤ ሆኖም ከተቀበረ እንጨት ዕድሜ ጋር መስማማቱን ሳናነሳ ማለፍ አንችልም። በ6ኛው መቶ ዓመት ቡድሂዝም ከኮሪያ ሲገባ፣ ቋሚን በድንጋይ ላይ የማቆም ጥበብም አብሮ ገባ። 32 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውና በዓለም ካሉት ጥንታዊ የእንጨት ሕንፃዎች አንዱ የሆነው የሆርዩጂ ባለ 5 ደርብ ግንብ በዙሪያው ያሉት ቋሚዎች በድንጋይ ላይ የቆሙ ናቸው። መሬት ውስጥ የገባው የመካከለኛው ምሰሶ እግር ግን በስብሶ፣ ሲመረመር ከሥሩ ባዶ ጉድጓድ ተገኘ። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሁለቱም ዘዴዎች ጎን ለጎን ተፈተኑ ማለት ነው።

በአገራችንም ተመሳሳይ ምስክር አለ። ከላሊበላ ሰሜን ምሥራቅ በዋሻ ውስጥ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቁ የተነባበሩበት ነው። በ12ኛው መቶ ዓመት እንደታነጸ ይነገራል። ዝናብ የማይደርስበት እንጨት ይህን ያህል ይኖራል። ከአክሱም የእንጨት ሕንፃዎች ግን በሐውልቶቹ ላይ በድንጋይ የተቀረጸው የወራጆች ጫፍ፣ «የዝንጀሮ ራስ» የሚባለው፣ ምስሉ ብቻ ቀርቶልናል።

የአዲስ አበባ ቋሚ በአብዛኛው ለጋ ባህር ዛፍ ነው። ጃፓኖች የሚመርጡት ሂኖኪ ከእኛ ጽድ ጋር በአንድ የእፀዋት ቤተሰብ ይመደባል፤ ሁለቱም በተፈጥሮ ዘይታቸው መበስበስን ይቋቋማሉ። ባህር ዛፉ ይህ ስለሚጎድለው አናጢዎቻችን እግሩን የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀቡታል። ዘይት ውሃን ስለሚገፋ ዘዴው የፊዚክስ መሠረት አለው፤ አፈሩን መበከሉ ግን አይቀርም። ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት የተሻለ መፍትሔ ይመስለናል።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ በርካታ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ስንቱ ቋሚ ሳይለካ ወደ ማገዶ እንደሄደ ስናስብ እንቆጫለን። በሰፈራችሁ የጭቃ ቤት ሲፈርስ ብታገኙ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ አንድ ቋሚ አንሱ። ከእግሩ፣ በመሬቱ ወለል ልክ ከነበረው ቦታና ከዚያ 1 ሜትር ከፍ ብሎ እኩል ቁራጭ ቁረጡ። መዝኗቸው፤ ክብደታቸው መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ በጥላ አድርቃችሁ እንደገና መዝኗቸው። ልዩነቱን ለደረቁ ክብደት አካፍሉት፤ የሦስቱንም ውጤት ከቤቱ ዕድሜ ጋር ጻፉት።