ኬብል ወዳልደረሰበት ቤት ፋይበር ማስገባት፦ ርቀት፣ የብርሃን ኃይልና የጋራ ጥያቄ በሚዛንና በማጂ አካባቢ

ከሚዛን አማን ከተማ ወጣ ብሎ በቡና ጥላ መካከል ለተሠራ ቤት ፋይበር እንዲገባ ሲጠየቅ፣ ጉዳዩ «በአካባቢው መሠረተ ልማት የለም» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሊዘጋ ይችላል። ዓረፍተ ነገሩ ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ሆኖም ሦስት የተለያዩ ጉድለቶችን በአንድ ስም ይጠራል። ወደ ከተማው የሚደርሰው ዋና መስመር አለመኖር፣ ከጣቢያው ወደ ሠፈሩ የሚወጣው የማከፋፈያ ኬብል አለመኖር፣ ከምሰሶ ወደ ቤት የሚገባው ቀጭን ኬብል አለመኖር በወጪም በመፍትሔም አንድ አይደሉም። ይህ ጽሑፍ በይበልጥ የሚመለከተው ሁለተኛውን ነው። መከራከሪያውም፣ በተበታተነ አሰፋፈር ውስጥ የጥያቄው አሐድ ቤት ሳይሆን ሠፈር መሆን አለበት የሚል ነው።

ስለ ዋናው መስመር በአጭሩ። ፋይበርን እስከ ቤት ለማድረስ በስፋት የሚሠራበት ጂፖን የተባለው ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት በጣቢያው ከሚቀመጠው ኦኤልቲ ከተባለው መሣሪያ እስከ ደንበኛው ቤት ያለው የኬብል ርዝመት በተለመደው አሠራር ከ20 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ሚዛንና ቴፒ በአየር መስመር እንኳ ከዚህ በላይ ይራራቃሉ። ማጂ ደግሞ ከሚዛን በስተደቡብ በአየር መስመር 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ተራራውን እየዞረ የሚወጣው መንገድ ሲታከልበት የኬብሉ ርዝመት ከዚህም ይልቃል። ስለዚህ የማጂ ነዋሪ ከሚዛን ጣቢያ በቀጥታ ሊገለገል አይችልም፤ ለከተማዋ ዋና መስመርና የራሷ ኦኤልቲ ያስፈልጋታል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን ለማገናኘት የተጀመረው ወረዳኔት ለሩቅ ቦታዎች ሳተላይትን የተጠቀመው በዚሁ ዓይነት ርቀት ምክንያት ነበር። ሳተላይት መንገድ አይሻም፤ ግን ከምድር 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚቆም ጥያቄና መልስ ደርሶ እስኪመለስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይወስዳል።

የማከፋፈያው ኬብል ጉዳይ ግን በስሌት መታየት አለበት። ጂፖን በጣቢያና በቤት መካከል በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሣሪያ የለውም። አንዱ ብርሃን ስፕሊተር በተባለ የመስታወት ማከፋፈያ ለ32 ወይም ለ64 ቤቶች ይከፈላል። ቢ ፕላስ በተባለው የመሣሪያ ደረጃ ብርሃኑ በመንገዱ ሊያጣ የሚፈቀድለት ቢበዛ 28 ዴሲቤል ነው። ከጣቢያው በኬብል 12 ኪሎ ሜትር የሚርቅ የቡና ሠፈር እንውሰድ። ፋይበሩ በ1310 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት በኪሎ ሜትር 0.35 ዴሲቤል ቢያጣ 4.2 ይሆናል። ለ32 የሚያከፋፍል ስፕሊተር 17.5፣ አራት ማያያዣዎች በነፍስ ወከፍ 0.5 ሲታሰቡ 2፣ ስምንት በማቅለጥ የተጋጠሙ ቦታዎች በ0.1 ሲታሰቡ 0.8 ዴሲቤል ይወስዳሉ። ድምሩ 24.5 ነው፤ 3.5 ዴሲቤል ይተርፋል። ስፕሊተሩ ለ64 የሚያከፋፍል ከሆነና 21 ዴሲቤል ከወሰደ ግን ድምሩ ልክ 28 ይሆናል፤ ምንም አይተርፍም።

ይህ ትርፍ በዚህ አገር ቅንጦት አይደለም። ዝናቡ የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል ይዘልቃል፤ ተዳፋቱ ይንሸራተታል፤ የመንገድ ሥራ የተቀበረ ኬብልን ይቆርጣል። የተቆረጠ ኬብል በመካከል ቁራጭ ገብቶለት ሲጠገን ሁለት አዳዲስ መጋጠሚያዎች ይጨመሩበታል፤ እነሱም በደንብ ከተሠሩ 0.2 ዴሲቤል ይወስዳሉ። 3.5 ዴሲቤል የተረፈው መስመር ከአሥር በላይ ጥገናዎችን ይችላል። ምንም ያልተረፈው መስመር በመጀመሪያው ክረምት ደንበኞቹን ሊያጣ ይችላል። እንደኔ ግምት፣ በከተማ ለወጪ ቁጠባ የሚመረጠው የ64 ክፍፍል በገጠሩ ቡና መሬት ሊገለበጥ አይገባም።

ወጪውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የ12 ኪሎ ሜትር ኬብል፣ ምሰሶና ቁፋሮ ለአንድ ቤትም ለ32 ቤቶችም ያው ነው። አንድ ቤት ብቻውን ሲጠይቅ ወጪው ሁሉ በእርሱ ስም ይታያል፤ ሠላሳ ሁለቱ በአንድ ማመልከቻ ሲቀርቡ ለሠላሳ ሁለት ይካፈላል። አገልግሎቱም በመካፈል የሚናቅ አይሆንም። የጂፖን የቁልቁል ፍጥነት በሰከንድ 2.488 ጊጋቢት በመሆኑ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢጠቀሙ እንኳ ለእያንዳንዱ 77 ሜጋቢት ያህል ይደርሰዋል። የጋራ ጥያቄ የሚያቀርብ አካል አዲስ መፍጠርም አያስፈልግም፤ እድር አለ፣ የቡና አምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራት አሉ። ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው በማመልከቻው ቢካተቱ መስመሩ ቋሚ ከፋይ ያገኛል።

የሚነሣው ተቃውሞ፣ ተንቀሳቃሽ ኔትወርክ እያለ ይህ ሁሉ ለምን የሚል ነው። ተራርቀው ለቆሙ ቤቶች ተቃውሞው ትክክል ነው፤ አራተኛው ትውልድ የገመድ አልባ ራውተር ይበቃቸዋል። ነገር ግን የሞባይል ማማው ራሱ ትራፊኩን በማይክሮዌቭ ወይም በፋይበር ወደ ጣቢያ መመለስ አለበት። ወደ ማማው ፋይበር ሲዘረጋ በዚያው ኬብል ውስጥ ትርፍ ክሮች ቢጨመሩ፣ ወጪው በቁፋሮው እንጂ በክሩ ላይ ስላልሆነ፣ የማማው ሥር ለሠፈሩ የስፕሊተር ቦታ ይሆናል። ይህ ውሳኔ መሰጠት ያለበት ጉድጓዱ ከመዘጋቱ በፊት ነው። በኅዳር 2003 ዓ.ም. ለተቋቋመው ኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት ለጀመረው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ስሌቱ አንድ ነው።

የቤቱ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ይቀራል። የድሮው የመዳብ ስልክ ኃይሉን ከጣቢያው ስለሚያገኝ በቤት መብራት ቢጠፋም ይሠራ ነበር። ፋይበር ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ በቤት የሚተከለው ኦኤንቲ የተባለው መሣሪያ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ይሁን እንጂ መሣሪያው ብዙውን ጊዜ በ12 ቮልት ስለሚሠራ፣ በገጠር ለመብራት ከሚያገለግለው የሶላር ባትሪ ጋር ሊያያዝ ይችላል። ስለዚህ የሠፈሩ ማመልከቻ የቤቶቹን ብዛት፣ በመንገዱ የተለካውን ርቀትና በአቅራቢያ ያለውን ማማ ከመዘርዘር ሌላ፣ የትኞቹ ቤቶች የሶላር ባትሪ እንዳላቸውም ሊያመለክት ይገባል።