የጉልበት ቁርጥማት

ከግምጃ ቤት ገበያ የሚመለሱ ሰዎችን እንመልከት። ወጣቶቹ ቀድመው ይሄዳሉ። ከኋላ አንድ አዛውንት ቀስ ብለው ይመጣሉ። ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸውን ይይዛሉ። «ምን ሆኑ አባቴ?» ሲሏቸው፣ «ቁርጥማት ነው ልጄ፤ እርጅና መድኃኒት የለው!» ይላሉ። እውነት መድኃኒት የለውምን?

ጉልበት ትላልቅ አጥንቶች የሚገናኙበት መጋጠሚያ ነው። በአጥንቶቹ ጫፍ ላይ ልም አጥንት የሚባል ለስላሳ ሽፋን አለ። ሥራው ከኮርቻ ሥር እንደሚደረግ ድብዳብ ነው። ድብዳቡ ያለቀ ኮርቻ የፈረሱን ጀርባ ይገጥባል። ልም አጥንቱም ሲሳሳ ጉልበት ያማል፣ ያብጣል፣ ጧት ሲነሡ አልታጠፍ ይላል። ዕድሜ፣ ከባድ ሸክም፣ የሰውነት ውፍረትና የቆየ ጉዳት ያመጡታል። ለብዙ ዓመት ቁጢጥ ብሎ መሥራትም ጉልበትን ይጎዳል። ያለቀውን ልም አጥንት መልሶ የሚያበቅል መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሕመሙን ማስታገስ ግን ይቻላል።

የመጀመሪያው መድኃኒት በቤት ያለ ነው። መደብ ላይ ተቀምጦ አንዱን እግር ቀጥ አድርጎ ማንሣት፣ እስከ አምስት ቆጥሮ ማውረድ ነው። ለእያንዳንዱ እግር 10 ጊዜ፣ ጧትና ማታ ይደረጋል። የጭን ሥጋ ሲጠነክር የጉልበትን ሸክም ይጋራል። ምርኩዝም በተቃራኒው እጅ ይያዛል። የታመመው ቀኝ ጉልበት ከሆነ ምርኩዙ በግራ እጅ ነው። የሕመም ማስታገሻ ክኒን ግን ሐኪም ሳያዝ ለረዥም ጊዜ መዋጥ ጨጓራን ያደማል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል።

ይህ ካልበቃ ሐኪም ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት በጉልበት ውስጥ በመርፌ ይሰጣል። ሕመሙ ለጥቂት ሳምንታት፣ አንዳንዴም እስከ ሦስት ወር ይታገሣል። ቶሎ ቶሎ ከተወጉት ግን ልም አጥንቱን ይጎዳል። ስለዚህ በሁለት መርፌዎች መካከል ቢያንስ ሦስት ወር ይቆያል። ስኳርን ከፍ ስለሚያደርግ የስኳር ሕመምተኛ አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።

በቅርብ ዘመን ደግሞ ሌላ ሕክምና መጥቷል። ሕመምን ከጉልበት ወደ አእምሮ የሚያደርሱ ነርቮች አሉ። ሐኪሙ ቦታውን አደንዝዞ ቀጭን መርፌ ያስገባል። በመርፌው ጫፍ ሙቀት ነርቮቹን ያከሽፋል። ጉልበቱ አይቀደድም። እፎይታው ለወራት ይቆያል፤ ነርቮቹ ሲያገግሙ ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። መሣሪያው በሁሉም ሆስፒታል አይገኝም።

አዲስ የሆነ ሁሉ ግን አይጠቅምም። በአሜሪካ በሂውስተን ከተማ 180 ሕመምተኞች ተፈተኑ። ከፊሎቹ ጉልበታቸው በትንሽ ቀዳዳ ታጥቦ ተጠረገ። ሌሎቹ ቆዳቸው ብቻ ተቆርጦ ተሰፋ። በ1994 ዓ.ም. ውጤቱ ሲወጣ የታከሙት ካልታከሙት አልተሻሉም።

ከሁሉም ይልቅ ይህን እናስታውስ፦ በመንደር በማንም እጅ ጉልበትን አለመወጋት! ንጹሕ ያልሆነ መርፌ መግል ያስገባል። ዋግምትና የጋለ ብረትም ቁስል እንጂ ፈውስ አያመጡም። ጉልበት በድንገት ካበጠ፣ ከጋለ፣ ትኩሳትም ካለ፣ ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ጤና ጣቢያው እንደ ሕመሙ ወደ እንጅባራ ወይም ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል ይልካል።

ጥያቄዎች
1. የልም አጥንት ሥራ ምንድን ነው?
2. ግራ ጉልበቱ የታመመ ሰው ምርኩዝ በየትኛው እጁ ይይዛል?
3. በመንደር መርፌ መወጋት ለምን ይጎዳል?