ጣሪያዎን ነጭ ከማስቀባትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

በየካቲትና በመጋቢት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ፣ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ሱቅ የተቀመጠ ሰው ሙቀቱ አናቱ ላይ ሲወርድ ይሰማዋል። የፀሐይን ጨረር የሚመልስ ነጭ የጣሪያ ቀለም ይህን ያቃልላል። ግን ለሁሉም ቤት አይደለም።

መጀመሪያ ቤቱን ይዩ። ወፍራም የሣር ክዳን ያለው የጉራጌ ጎጆ ምንም ቀለም አያሻውም። መኖሪያ ቤትዎ ኮርኒስ ከሌለው ደግሞ ገንዘቡን ለኮርኒስ ያውሉት እላለሁ፤ ሁለቱም ከተሞች 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆኑ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይበርዳል። ኮርኒስ ለሙቀቱም ለብርዱም ይሆናል፣ ቀለሙ ግን ለቀኑ ብቻ። ቀን ቀን ሰው ለሚሞላበት ሱቅ ወይም መማሪያ ክፍል ግን ያዋጣል።

አዲስ ቆርቆሮ ስላብረቀረቀ አይታለሉ። ብርሃን ቢመልስም፣ የዋጠውን ሙቀት መልሶ ወደ ሰማይ መልቀቅ አይሆንለትም። ነጭ ቀለም ሁለቱንም ይችላል። ኖራ ርካሽ ነው ብለው ቆርቆሮ ላይ እንዳይቀቡ፤ ክረምቱ ያጥበዋል፣ እርጥብ ኖራም የዚንኩን ልባስ ይበላል።

ወጪውን በጋሎን ዋጋ ብቻ አያስሉ። ቀለሙ ሁለት እጅ ይቀባል፣ የቆርቆሮው ሞገድም ስፋቱን ይጨምራል። የዝገት መፋቂያው፣ የፀረ ዝገቱና የሠራተኛው ሒሳብ ለብቻ ነው። ዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ከነዝገቱ ይላጣል። አቧራና የማድቤት ጢስ ነጩን ስለሚያጠቁሩትም በየበጋው ማጠብ አለ። ከመወሰንዎ በፊት አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ ግማሹን ይቀቡና ፀሐይ ላይ ያስጡት፤ እኩለ ቀን ላይ ከታች በኩል ሁለቱንም ይዳስሱ። እጅዎ ልዩነቱን ይነግርዎታል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ከቀለም ወደ ግቢና ወደ ውኃ የሚገባው መርዝ ነው። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ደርቆ ሳለ አይፋቅ፤ እያረጠቡ፣ ከሥር ላስቲክ ዘርግተው፣ ልጆችን አርቀው ያስፍቁ። በአገራችን ደንብ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ መብለጥ የለበትም፤ ሻጩን ይህን የሚያሳይ ወረቀት ይጠይቁት። አንዳንዱ የጣሪያ ቀለም የሻጋታ መከላከያ መርዝም አለው፤ ዝናብ ሲመታው ይታጠባል። የቀባ ብሩሽ ቦይ ወይም የእንሰት ጓሮ ውስጥ አይታጠብ። ከጣሪያዎ የሚወርደውን ዝናብ በሮቶ አጠራቅመው የሚጠጡ ከሆነ፣ ቀለሙ ለመጠጥ ውኃ ጣሪያ እንደሚሆን በጽሑፍ ካልተረጋገጠ በቀር አይቀቡት።